ለእድሩ መኪና የሚሆን ፋሻ

የእድሩ መኪና የቆመችው እቴቴ ደብሪቱን ይዛ ነው።

የሀብተ ጊዮርጊስን ድልድይ ተሻግራ ዳገቱን ስትጀምር መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳላት። ከዚያ ዝም አለች። ከኋላ የሚከተለው ለቀስተኛ ነገሩ ቶሎ አልገባውም፤ ፊት ያሉት ሲቆሙ ከኋላ ያሉት እየገፉ መጡ፤ ዣንጥላ ከዣንጥላ ተጋጨ። ሾፌሩ በሪሁን ሞተር በእጅ የሚዞርበትን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ይዞ ወረደና ላብ በላብ እስኪሆን አዞረ። ሞተሩ «እህ» እንኳ አላለም። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተያዩና ሳጥኑ ወረደ፤ እቴቴ ደብሪቱም የቀረውን መንገድ በጎረምሶች ትከሻ ሄዱ።

በትከሻ መሄድ ነውር አይደለም፤ ከእሳቸው በፊት የነበረው ሁሉ የሄደው በትከሻ ነው። ነውሩ መሐል መንገድ ላይ መገተሩ ነው። ያውም የሟቿ ልጅ ጋሼ አሸብር የእድሩ ዳኛ ናቸው። በርበሬ በረንዳ ውስጥ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ትልቅ ነጋዴ፣ የእናታቸው ሬሳ ጎዳና ላይ ሲወርድ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

መካኒኩ ወልደሚካኤል ከለቀስተኛው ወደ ኋላ ቀርቶ የበሪሁንን ክንድ ይመለከት ነበር። ደህና ሞተር በማኖቬላ ሲዞር ይታገላል፤ ክንድ ይመልሳል። ይሄ ግን እንደ ባዶ በርሜል በቀላሉ ይዞራል።

«በቃህ፣ አትልፋ» አለው። «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል። ሲሊንደሩም አብሮት ሳይሄድ አይቀርም።»

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። መኪናዋ ጣሊያን ጥሏት የሄደች አሮጌ ፊያት ነበረች። እድሩ ገዝቶ፣ የጭነቱን ቦታ በጣውላ አዘግቶ፣ ጥቁር አስቀብቶ፣ መሐል ለሳጥኑ፣ ግራና ቀኝ ለሽማግሌዎች መቀመጫ አስመትቶላታል። በሰፈሩ ሌላ እድር እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውምና አባላቱ ይኮሩባታል።

በተከታዩ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ጋሼ አሸብር ተነሡና ሁለት ነገር ብቻ ተናገሩ። «ሞተሩ ይታደሳል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በማንም እናት ላይ አይደርስም።» ከዚያ ዓይናቸው ወልደሚካኤል ላይ አረፈ። መካኒክም ነው፣ አባልም ነው፣ ሌላ የሚታሰብ ሰው አልነበረም።

ወልደሚካኤል የቡልጋ ሰው ነው። አዲስ አበባ የመጣው ጣሊያን በወጣ ሰሞን ሲሆን መጀመሪያ የያዘው ሥራ፣ አገሩ ሳይመለስ የቀረ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ የሞተር ዕቃ በናፍታ ማጠብ ነበር። እያጠበ የእያንዳንዱን ብረት ስም ለመደ፤ ስሙን ሲለምድ ሥራውን ለመደ። ከዓመታት በኋላ ሰውየው ጋራዡን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲገባ ወልደሚካኤል አንድ የብረት መያዣ ሞርሳና አንድ ሳጥን ቁልፍ ይዞ ከሶማሌ ተራ ጀርባ የራሱን ቤት ከፈተ። ቤት ይባል እንጂ ሦስት ግድግዳና ግማሽ ጣሪያ ነው። የፈታውን ቡሎን ሁሉ በየሳርዲን ቆርቆሮው ለይቶ ያስቀምጣል፤ «ነገ ትወስዳታለህ» ብሎ ለነገ ሳያደርስ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙ አያወራም። ደንበኛ ሲጨቃጨቀው እጁን በጨርቅ መጥረግ ይጀምራል፤ የሚያውቁት ሰዎች ጨርቁን ሲያዩ ዝም ይላሉ።

ሚስቱ ሠርኬ ቱታ ትሰፋለች። የሶማሌ ተራ መካኒክ ግማሹ የሚለብሰው የእሷን እጅ ሥራ ነው። አንዲት ልጃቸው አግብታ ናዝሬት ናት። ሠርኬ አፈኛ ናት፤ ባልዋ የማይናገረውን እሷ ትናገርለታለች፤ በጉልበት ላይ የምትደርበው ድርብ ጨርቅ እንደ ንግግሯ አይበጠስም ይባላል።

በዚያ ዓመት ግን ከጥምቀት ወዲህ ሠርኬ እየከሳች ሄደች። ሆዷ ውስጥ የሚዳሰስ ጠጣር ነገር ነበር። ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ መርምሮ ሲጨርስ ወልደሚካኤልን ለብቻው ጠራው።

«ተከፍቶ አይታይም?» አለ ወልደሚካኤል።

«ቢከፈት አይጠቅማትም። በጣም ተሰራጭቷል።»

«ስንት ጊዜ አላት?»

«ክረምቱን አትጨርስም።»

ይህን ለማንም አልተናገረም። ያልሞተን ሰው ሞት አስቀድሞ ማውራት ሟርት ነው፤ በእነሱ ዘንድ በባል አፍ አይወጣም። እሷም አልጠየቀችውም። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ፊቱን አንድ ጊዜ ብቻ አየችውና ስለ ጨርቅ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

የእድሩን ሞተር ሲፈታ እንግዲህ ይህ ሁሉ በልቡ አለ። የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አንሥቶ ጥፍሩን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ሳበ። ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጥፍሩ በጠርዝ ተያዘ። ፋሻ ማለት ፒስተኑን እንደ መቀነት የሚዞረው ቀለበት ነው፤ እሳቱ ወደ ታች እንዳያመልጥ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያግደው እሱ ነው። ለዓመታት ሲመላለስ ግድግዳውን በልቶት፣ እሱ ያልደረሰበት ቦታ ጠርዝ ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ባለ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ብቻ ከትቶ መዝጋት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። አዲሱ ፋሻ ያንን ጠርዝ ይገጨውና ይሰበራል፤ መኪናው ግን እስከዚያ ከጋራዡ ወጥቷል።

የእድሩ ገንዘብ ሁሉን አዲስ አያደርግም። ስለዚህ ከየት ይቀነስ የሚለውን አሰበ። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ መላግ አለበት፤ ከዚህ አይቀነስም። ሲሊንደሩ ሲላግ ይሰፋልና አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ፒስተን ይፈልጋል። ፒስተን ያገለገለ ሊሆን ይችላል፣ ደህና ከሆነ። ፋሻ ግን አዲስ ነው፤ በሌላ ሲሊንደር ያገለገለ ፋሻ የለመደው ያንን ሲሊንደር ነው። ደግሞም ፒስተኑ በእጅ ሳይገባ ሲሊንደር አይላግም፤ ልክ የሚወሰደው ከፒስተኑ ነው።

ወደ ሐጀራ ሄደ።

ሐጀራ ሶማሌ ተራ ውስጥ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ከጣሪያው ሰንሰለትና ቺንጊያ ተንጠልጥሎ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።

«አንተ ወልዴ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሬሳ ልታስነሣ ነው?» አለችው፤ ሁልጊዜ የምትቀልደው ቀልድ ነው።

«የሬሳ መኪና ነው።»

«አስታግፊሩላህ! አፌ ይቆረጥ።» አፏን በእጇ ያዘች። «የእድራችሁ? ያቺ ዳገት ላይ የቆመችው?»

«እሷው።»

ከተገለበጠ መኪና የወጣ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ የአራት ፒስተን ስብስብ አወጣችለት። ወልደሚካኤል እያንዳንዱን በክር አንጠልጥሎ በቁልፍ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ሦስቱ እንደ ደወል ጮኹ። አራተኛው ድምፁ ደነዘ።

«ይኸኛው ተሰንጥቋል።»

«የት አለ ስንጥቁ? አሳየኝ!»

«አይታይም።»

«የማይታይ ስንጥቅ ዋጋ ሊያስቀንስ ነው? ወላሂ አንተ ሰው ጆሮህን ልግዛው።» እያጉረመረመች ከጓዳ ሌላ ፒስተን አመጣች። ያ ጮኸ። ቀጥሎ ክብደታቸው ይመሳሰል እንደሆነ ለማየት ከጎረቤት የቅመም ሱቅ ሚዛን ተዋሰችለት፤ ሁለት ሁለቱን በየሳህኑ እያስቀመጠ አስተያየ። ኋላ የመጣው ትንሽ ከበደ። ከውስጥ በኩል በሞረድ ምን ያህል መላጥ እንዳለበት አይቶ ለየው። ሚዛኑ ሲመለስ ሳህኑ በዘይት ጠቁሮ ስለነበር የሚዛኑ ባለቤት ለሐጀራ የሚገባትን ተናገራት፤ እሷም የሚገባውን መለሰችለት።

ወደ ፋሻው ሲመጡ ሁለት ካርቶን አወጣች። በአንደኛው ያለው ጥቁርና ደብዛዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ተራ ብረት። በሁለተኛው ውስጥ ያለው የላይኛው ፋሻ በክሮም ተለብጦ እንደ ብር ያበራል።

ጋሼ አሸብር የገቡት ይህን ጊዜ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ውብሸት ከኋላቸው አለ። በርበሬ በረንዳ ሩቅ አይደለም፤ መካኒኩ ዕቃ ሊመርጥ እንደሄደ ሰምተው ነው የመጡት። ጋሼ አሸብር ጎንበስ ብለው ገቡና የሚያበራውን ፋሻ አነሡ።

«ይኼ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ያኛው ነው» አለ ወልደሚካኤል።

ጥቁሩን አዩት። «ምን ልዩነት አለው?»

«ክሮሙ ብዙ ዓመት ይቆያል።»

«እና?»

«ዋጋውም ይበልጣል» አለች ሐጀራ፤ ነጋዴ ናት።

«ዋጋውን አልጠየቅሁም» አሉ ጋሼ አሸብር። «ወልደሚካኤል፣ እንዴት ነው ነገሩ? የሚቆየው እያለ?»

ወልደሚካኤል ጨርቁን ከኪሱ አወጣ። ግን አልጠረገም፤ ለማስረዳት ሞከረ። «አዲስ ፋሻና አዲስ የተላገ ሲሊንደር ገና አልተላመዱም ጋሼ። ተፋጭተው አንዱ የሌላውን ቅርጽ መያዝ አለበት። ይህን የሚያደርገው ጭነት ነው። ሞተሩ ሲከብደው እሳቱ ፋሻውን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ክሮም ደረቅ ነው፤ እስኪለምድ ብዙ መንገድ፣ ብዙ ሸክም ይፈልጋል። ወደ አሰብ ለሚመላለስ መኪና ቢሆን እኔ ራሴ ክሮም ግዙ እላለሁ። የእኛዋ ግን ከሰው እግር ጋር እኩል ነው የምትሄደው። በዚያ አካሄድ ክሮሙ ሳይለምድ ግድግዳው እንደ መስታወት ይሆናል። መስታወት ከሆነ ደግሞ ዘይት ትበላለች፤ ጉልበቷ ይወርዳል፤ ዳገት ላይ…»

ቃሉን አልጨረሰውም። መጨረስም አያስፈልግም ነበር።

ውብሸት ፈገግ አለ። «ጥሩ ዕቃ ያበላሻል፣ ርካሽ ዕቃ ያድናል። እንዲህ ያለ ትምህርት ከየት ይገኛል? ወይስ ርካሹ ላይ ኮሚሽን አለው?»

«ኮሚሽን?» ሐጀራ ተነሣች። «ርካሽ ስሸጥ ነው ኮሚሽን የምሰጠው? ሒሳብ የሚያውቅ ጸሐፊ የላችሁም እንዴ?»

ጋሼ አሸብር እጃቸውን አነሡና ሁለቱም ዝም አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ለእናቴ ርካሽ ከፈን አልገዛሁም። ለሙት ሲሆን ሰው አይቆጥብም። ይህን ለአባላቱ እንዴት ብዬ እነግራለሁ? ‹ለሬሳችሁ ዝቅተኛውን መረጥን› ልበል?»

ወልደሚካኤል መልስ ነበረው። «የሚቀድመው ሬሳ የሚስቴ ነው፤ ለእሷ ነው የምመርጠው» ማለት ይችል ነበር። ያንን ቢል ሁሉም ያበቃል፤ ጋሼ አሸብር አንድ ቃል አይመልሱም። ግን ሠርኬ ቤት ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን እየዘወረች ነው፤ በሕይወት ያለችን ሴት የመኪና ዕቃ ገበያ ላይ እንዴት ይቅበራት?

«ጥቁሩ ይሻላል ጋሼ» አለ ብቻ።

ጋሼ አሸብር የሚያበራውን ፋሻ ወደ ካርቶኑ መለሱ። «እንግዲያው በአንተ ራስ ነው። ሁለተኛ ሬሳ ይዛ ብትቆም ተጠያቂው አንተ ነህ። ከእድሩ ትወጣለህ። ይህን ቃል በስብሰባ ፊት አስመዘግባለሁ።»

ከእድር መውጣት ምን እንደሆነ መርካቶ ውስጥ ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ድንኳን የሚተክል የለም፤ ሳጥን የሚይዝ የለም፤ ዘመዱ አገር ቤት የቀረ ሰው ከሚስቱ ሬሳ ጋር ብቻውን ይቀመጣል። ክሮሙን ቢገዛ ግን ማንም አይጠይቀውም። መኪናዋ ከወራት በኋላ ብትጨስ «ጥሩውን ነበር የገዛነው፤ ዕድሏ ነው» ይባላል፤ እሱም በእድሩ እንዳለ ይቀጥላል። መኪናዋ ዳገት ላይ ትቆማለች፤ ያኔ ውስጧ ማን እንደሚሆን ያውቃል። ካርቶኖቹን አልወሰደም። ሐጀራን «ነገ እመጣለሁ» ብሏት ወጣ።

ቤት ሲደርስ ሠርኬ ከስፌቷ ቀና ብላ አየችው። «ምን ሆነሃል? ጨርቅህን ጨብጠህ ነው የመጣኸው።»

ስለ ፋሻው ነገራት፤ ስለ ሌላው አልነገራትም። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ጥቁሩን ብትገጥም ትቆማለች?»

«እኔ ከገጠምኩትና በደንብ ከተለማመደች፣ አትቆምም።»

«ክሮሙን ብትገጥም?»

«አንድ ቀን ትቆማለች።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚያሳስብህ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እኔን የምትሸከም መኪና መንገድ ላይ እንድትቆም አልፈልግም። ውብሸት አፉን ይከፍትብኛል።»

«ምን ታሟርቻለሽ!»

«እሺ፣ አላሟርትም። ጥቁሩን ግዛ።»

ወደ ስፌቷ አቀረቀረች። ግን ነገሩ በመካከላቸው ተነግሯል፤ ክብደቱም ለሁለት ተከፈለ። በማግስቱ ጥቁሩን ገዛ።

ሲሊንደሩ ተልጎ ከቶርኖ ቤት ሲመለስ ሠርኬ ቱታ ይዛ እየመጣች ከሳጥን ላይ ተቀምጣ ትሰፋ ጀመር። ቤት ብቻዋን መዋል አልወደደችም። ወልደሚካኤል እያንዳንዱን ፋሻ በሲሊንደሩ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያስገባና ሁለቱ ጫፎች የሚለያዩበትን ክፍተት በስስ ብረት ይለካል። የጠበበውን አውጥቶ በሞረድ ይነካዋል፤ እንደገና ይለካል።

«ለመዝጋት ብለህ ገዝተህ ክፍተት ትተውለታለህ?» አለች።

«ሲሞቅ ይረዝማል። ቦታ ካጣ ይሰበራል።»

«ሳይሞቅስ?»

«ትንሽ ያፈሳል። ይታገሡታል።»

ፋሻዎቹን ሲገጥም ክፍተቶቹ በአንድ መስመር እንዳይውሉ አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ አዞራቸው። በሪሁን ፒስተኑን ሲያወርድ ያግዘው ነበር፤ አንዱ እምቢ ሲለው መዶሻ ሊያነሣ ሲል ወልደሚካኤል እጁን ያዘው። «እምቢ ካለ ምክንያት አለው።» አወጡት፤ አንዱ ፋሻ ከቦታው ወጥቶ ኖሯል። ሞተሩ ተዘግቶ በመጀመሪያው ማኖቬላ የበሪሁንን ክንድ ገፍትሮ መለሰው፤ በሁለተኛው ተነሣ። በሪሁን ክንዱን እያሸ ሳቀ።

ነገር ግን ሥራው አላለቀም። ተራ ፋሻም ቢሆን ለመላመድ የመጀመሪያውን ጊዜ ጭነት ይፈልጋል። ወልደሚካኤል ለጋሼ አሸብር ሄዶ ነገራቸው፤ መኪናዋ ሞልታ የእንጦጦን ዳገት መውጣት አለባት። ሳትሮጥ፣ ግን ከብዷት።

«በምን ትሞላ?»

«የበርበሬ ጆንያ ቢሆን…»

ጋሼ አሸብር ደነገጡ። «ሬሳ የተኛበት ላይ በርበሬ? ሰው የሚበላውን? በርበሬ በረንዳ ቢሰማ ከእኔ ማን ይገዛል?»

«ድንጋይስ?»

«የእድር መኪና ድንጋይ ስታግዝ ማየት ነው የቀረን!» አለ ውብሸት። ሽማግሌዎቹም ከእሱ ጋር ሆኑ። የሙታን መኪና የኮንትራት ጭነት አይጫንባትም። ባዶዋን ቀስ ብላ ትሂድ፤ አዲስ ሞተር በእርጋታ ነው የሚያዘው። ሁሉም መኪናዋን ወደው፣ አክብረው ነው ይህን የሚሉት። በዚያ አክብሮታቸው ግን ሲሊንደሩን መስታወት ሊያደርጉት ነው።

«እንግዲያው ሰው ይሁን» አለ ወልደሚካኤል። «አባላቱ ይቀመጡባት። ለሰው ነው የተሠራችው።»

 በሕይወት ሳለ፣ ሬሳ ሳይኖር፣ የሬሳ መኪና ላይ የሚወጣ ማን ነው? አንዱ ሽማግሌ አማተቡ።

ያም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ወልደሚካኤል መኪናዋን ከጋራዡ አውጥቶ አስነሣት። ሽማግሌዎቹ ለመመረቅ ያህል መጥተው ራቅ ብለው ቆሙ። በሪሁን መሪውን ይዟል። ጭስ የለም፤ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን ባዶ ናት። ወልደሚካኤል እጁን በሞተሩ ኮፈን ላይ አድርጎ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ቆመ።

ሠርኬ ነጠላዋን አጣፍታ ከጋራዡ ውስጥ ወጣች። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። የኋላውን በር ራሷ ከፈተችና ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«ጣውላው ደህና ነው» አለች። «እጄን ያዘኝ፣ ወልዴ።»

«ሠርኬ፣ አይሆንም። ፊት ተቀመጪ።»

«ፊት የሚቀመጥ ሸክም አይሆንም። ያዘኝ ብዬሃለሁ።»

ያዛት። ክንዷ እንደ መጥረጊያ እንጨት ቀጥኖ ነበር። ከሳጥኑ ቦታ ጎን ካለው መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች። ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተች።

«ጋሼ አሸብር፣ ምን ቆመው ያዩኛል? ዛሬ በነጻ ነው፣ በወንበር ነው። ሌላ ጊዜ ቢመጡ በጀርባ ነው የሚያስተኙዎት።»

ማንም አልሳቀም። ጋሼ አሸብር ፊቷን አዩ፤ ጉንጯን፣ የአንገቷን አጥንት፣ ነጠላው ሥር የቀረውን ገላ አዩ። ከዚያ ወልደሚካኤልን አዩ። ወልደሚካኤል ዓይኑን አላነሣም። ሽማግሌው ያን ቀን በሐጀራ ሱቅ ያልተነገረው መልስ ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው።  ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መኪናዋ ሄዱ።

«ሠርኬ፣ ጠጋ በይልኝ» አሉ።

እሳቸው ከወጡ ማን ይቀራል? ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተከተሉ። ውብሸት መጨረሻ ነበር፤ መቀመጫ ሞልቶ የሳጥኑ ቦታ ላይ ቁጢጥ አለ። «እግርህን ሰብሰብ አድርግ፣ ሰው ይተኛበታል» አለችው ሠርኬ። ያን ጊዜ አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ ውብሸትም ሳይወድ።

መኪናዋ በሽሮ ሜዳ በኩል የእንጦጦን ዳገት ተያያዘችው። ወልደሚካኤል ከበሪሁን ጎን ተቀምጦ በጆሮው ይመራው ነበር። «አሁን ስጣት። ይክበዳት። አትፍራላት። አሁን ልቀቅ፣ ትተንፍስ። እንደገና ስጣት።» መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች ጥቁሯን መኪና ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በውስጧ ደግሞ ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ አይተው ግራ ገባቸው። ዳገቱ ሲብስ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጉረመረመ፤ አልተደናቀፈም።

ከላይ ባሕር ዛፎቹ ዘንድ ቆሙ። ወልደሚካኤል ሞተሩን ሳያጠፋ የዘይት መክደኛውን ከፈተና መዳፉን አስጠጋ። ፋሻው እሳቱን ካላገደ ከዚህ ቀዳዳ ትኩስ ንፋስ ይገፋል። መዳፉ ላይ የመጣው እንደ ሕፃን ትንፋሽ ያህል ነው። ወደ ኋላ ዞሮ የጭስ ማውጫውን አየ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ።

«ያዘ?» አለች ሠርኬ።

«ይዟል።»

ራሷን ነቀነቀች። ደክሟት ስለነበር በጋሼ አሸብር ትከሻ ላይ ደገፍ ብላ ነበር፤ እሳቸውም እንዳትነቃነቅ ብለው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ሠርኬ ያረፈችው በሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚጥልበት ሰሞን። ድንኳኑ ተተከለ፤ ልጇ ከናዝሬት ደረሰች፤ ሐጀራ ከሶማሌ ተራ ሴቶቹን አስከትላ መጣች፤ የሰፋችላቸው መካኒኮች ከነቱታቸው መጥተው ዝናብ ላይ ቆሙ። ሐዘንተኛ መኪና አይነካምና በሪሁን ነዳ። ወልደሚካኤል ከኋላ በእግሩ ተከተለ፤ ጋሼ አሸብር በአንድ ክንዱ፣ ውብሸት በሌላው ይዘውት ነበር። መኪናዋ ዳገቱን በሰው እግር ልክ ወጣች። አልጨሰችም፤ አልቆመችም። ሳጥኑ የወረደው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ወልደሚካኤል ጋራዡን ከፈተ። የመጀመሪያው ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ብረት ከብረት ሲላመድ የተፋቀው ሁሉ ያለው በእሱ ውስጥ ነውና መቆየት የለበትም። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ቡሎኑን ፈታ፤ የወረደውን ዘይት በጣቶቹ መካከል አሽቶ በብርሃን አየው። የተፋቀው ደቃቅ ነበር፤ ስባሪ የለበትም። አዲሱን ሞልቶ መክደኛውን አጠበቀና መኪናዋ ወደ እድሩ ግቢ እንድትመለስ ወደ በሪሁን ሰው ላከ።